ሳይበስል የበላና ሳይሞት የቀበረ

ሰው ሁሉ ደስታን ይፈልጋል። የሚፈልግበት መንገድ ግን ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «ነገ መልካም ይሆናል» እያለ ራሱን ሲያጽናና፣ ሌላው «ነገ ከዛሬ ይከፋል» እያለ ራሱን ያስጠነቅቃል። የመጀመሪያውን ተስፈኛ፣ ሁለተኛውን ጨለምተኛ እንለዋለን፤ ፈረንጆቹ ደግሞ ኦፕቲሚስትና ፔሲሚስት ይሏቸዋል። ከሁለቱ ለደስታ የሚቀርበው ማነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ተስፈኛው ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። እኔም እንደዚሁ እመልስ ነበር። ነገር ግን ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ ያየሁትና ያነበብሁት ይህን መልሴን አናወጠብኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅንበት ዓመት ሦስት ጓደኛሞች አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችንም ሥራ ፈላጊዎች ነበርን። አንዱ ጓደኛችን የታወቀ ተስፈኛ ነበር። ማታ ማታ ራቱን በልቶ በጀርባው ይጋደምና ስለሚቀጠርበት መሥሪያ ቤት፣ ስለ ደመወዙ፣ ለእናቱ ስለሚያሠራላቸው ቤት፣ ለሙሉ ልብሱ ስለሚመርጠው ጨርቅ ቀለም ሳይቀር ያወራልን ነበር። ወሬው ጣፋጭ ስለ ነበረ እኛም ደስ እያለን እንሰማው ነበር። ሁለተኛው ጓደኛችን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ተዉኝ እባካችሁ፤ ቦታው ከተያዘ ቈይቷል፤ ማስታወቂያው ለይስሙላ ነው» ይል ነበር። እንዲህ እያልን ስምንት ወር አለፈ። በነዚህ ስምንት ወራት ውስጥ ተስፈኛው ያስገባው ማመልከቻ ሁለት ብቻ ነው። ጨለምተኛው አንድም አላስገባም።

የቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ጠሩንና ስኒውን እያቀበሉን እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ይኸን ሁሉ ወር በግድግዳው በኩል ስሰማችሁ ከረምሁ። አንዳችሁ ሳይበስል በላችሁት፤ አንዳችሁ ሳይሞት ቀበራችሁት። እሳት ያነደደ ግን አላየሁም።»

ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁለቱን ጓደኞቼን እንጂ እኔን የሚነካ አልመሰለኝም ነበር። የሆነ ሆኖ ያ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሊቃውንት ምን ብለው ይሆን ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ባካፍል መልካም መስሎ ታየኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የሊዝበን ጥዋት

«ኦፕቲሚዝም» የሚለው ቃል የተወለደው በክርክር ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ይችል ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ይህ የምንኖርበት ዓለም ነው ሲል አስረዳ። ቃሉን ያወጡት ግን እሱ ራሱ ሳይሆን በ1737 ሐሳቡን የነቀፉ ፈረንሳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር ጸሐፊዎች ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ለምስጋና የምንጠቀምበት ቃል መጀመሪያ የወጣው ለነቀፋ ነበር ማለት ነው።

ይህ ክርክር በሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ ሳለ በኅዳር ወር 1755 ከባድ ፈተና ደረሰበት። እንደነሱ አቈጣጠር ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚከበርበት ጥዋት፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። አብያተ ክርስቲያናቱ በሕዝብ ተሞልተው ነበር። ከመንቀጥቀጡ ያመለጠው ሕዝብ ወደ ወደቡ ሲሸሽ ባሕሩ ተነሥቶ ደረሰበት። ከሁለቱ የተረፈውን ደግሞ ከሻማና ከምድጃ የተነሣ እሳት ለብዙ ቀን አቃጠለው። የሞተው ሰው በአሥር ሺሆች ይቈጠራል።

ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር ይህን ሲሰማ «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለውን ትምህርት መታገሥ አልቻለም። በ1756 ስለ ሊዝበን ጥፋት የኀዘን ግጥም አወጣ፤ በ1759 ደግሞ «ካንዲድ» የተባለውን ልብ ወለዱን አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፓንግሎስ የተባለ አንድ መምህር አለ። መርከብ ቢሰጥም፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ እሱ ራሱም ቢሰቀል፣ ትምህርቱን አይለውጥም። ደቀ መዝሙሩ ካንዲድ ግን በብዙ መከራ ካለፈ በኋላ፣ ስለ ዓለም መልካምነትና ክፋት ከመከራከር ያለችውን ጥቂት መሬት መኰትኰት እንደሚሻል ይረዳል።

ዣን ዣክ ሩሶ ግን ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነገር አነሣ። ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶችን አጠጋግቶ በአንድ ቦታ የከመረው ተፈጥሮ ሳይሆን ሰው አይደለምን? ሲል ጠየቀ። ጥፋቱ ሁሉ የሰው ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከጥፋቱ ውስጥ ሰው ሊያስተካክለው የሚችለው ክፍል እንዳለ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ለወጣት ሹማምንት የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ፈላስፎቹ ሲከራከሩ የፖርቱጋል መንግሥት ሚኒስትር፣ ኋላ ማርኪስ ደ ፖምባል ተብሎ የተሾመው ሰው፣ ሬሳ ያስቀብር፣ ለተረፉት እህል ያከፋፍል ነበር። ወደየአጥቢያው ሁሉ የጥያቄ ወረቀት ልኮ መንቀጥቀጡ ስንት ጊዜ ቈየ፣ ባሕሩ ምን አደረገ፣ ስንት ሰው ሞተ ብሎ አስጠየቀ። አዲሶቹ ቤቶችም በግንባቸው ውስጥ እንደ ቀፎ የተጋጠመ የእንጨት ማገር እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ይህም ምድር ስትናወጥ ቤቱ እንዲወዛወዝ እንጂ እንዳይፈርስ ነው። የአሠራሩን ጥንካሬ ለመፈተን ወታደሮች በዙሪያው መሬቱን እየረገጡ እንዲሰለፉ ይደረግ ነበር ይባላል።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ከየትኛው ወገን እንመድበው? እንደገና ይንቀጠቀጣል ብሎ ባይሰጋ ኖሮ የእንጨቱን ማገር ባላሠራ ነበር። ከተማዋ እንደገና ትቆማለች ብሎ ተስፋ ባያደርግ ኖሮ አንድ ድንጋይ እንኳ ባላስነሣ ነበር።

የሀበሻው ልዑል ሃያ ወራት

«ካንዲድ» በታተመበት በዚያው በ1759፣ ጥቂት ወራት ብቻ ቈይቶ፣ በእንግሊዝ አገር ሌላ መጽሐፍ ወጣ። ጸሐፊው ሳሙኤል ጆንሰን፣ የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ደግሞ የሀበሻው ልዑል ራስላስ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን የአባ ጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ስለ ነበረ አገራችን በሐሳቡ ቀርታ ነበር። የልዑሉንም ስም ያገኘው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከተጠቀሱት ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይታመናል። መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በሞተችበት ወቅት የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን ብሎ፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ እንደ ሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል ይነግረናል። በኀዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ደስታ መጻፉ የሚያስገርም ነው። ይህንኑ መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ራስላስ የሚኖረው ነገሥታት ልጆቻቸውን በሚያስቀምጡበት በተራራ የታጠረ «የደስታ ሸለቆ» ውስጥ ነው። ግሸን አምባ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች መጠበቂያ እንደ ነበረች የሚያውቅ አንባቢ ወሬው ከየት ተነሥቶ እንግሊዝ እንደ ደረሰ ይገባዋል። በሸለቆው ውስጥ የሚጐድል ነገር የለም፤ ምግቡ፣ ዘፈኑ፣ አገልጋዩ ሁሉ ሙሉ ነው። ሆኖም ልዑሉ ሃያ ስድስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ደስታ ራቀው። ከዚህ ወጥቼ ዓለምን ባይ ደስታን አገኝ ነበር ብሎ ተመኘ።

እኔን ያስደነገጠኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ልዑሉ ከወጣ በኋላ ስለሚያደርገው ጀግንነት፣ ስለሚረዳቸው ድኆች፣ ስለሚቀጣቸው ግፈኞች በሐሳቡ ሲያልም ሃያ ወር አለፈ። አንድ ቀን ነቅቶ ቢቈጥር ሃያ ወር መባከኑን አየ፤ በዚህም እጅግ ተጸጸተ። በመጸጸትና «ከእንግዲህ ጊዜዬን አላባክንም» እያለ በመወሰን ሌላ አራት ወር አባከነ! በመጨረሻ ያነቃው አንዲት አገልጋይ ስኒ ሰብራ፣ የማይጠገን ነገር አያሳዝንም በሚል መንፈስ የተናገረችው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ነው ተነሥቶ መውጫ መንገድ መፈለግ የጀመረው።

ይህን ሳነብ ሳላውቀው ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርሁ። እኔም ከተመረቅሁ ወዲህ ልጽፈው ያሰብሁት አንድ መጽሐፍ ነበረኝ። ስለ መጽሐፉ የያዝሁት ደብተር ቢገለጥ ግን የሚገኘው አርእስት ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ አርእስት፣ ከሥሩ ባዶ ገጽ። ተስፈኛው ጓደኛዬ ሳይበስል ሲበላ፣ ጨለምተኛው ሳይሞት ሲቀብር፣ እኔ ደግሞ ስለ ድስቱ ዓይነት ስመርጥ ከርሜ ነበር። የባለቤቲቱ ንግግር ሦስታችንንም የሚነካ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ራስላስ በመጨረሻ ከእኅቱ ከነቃያ፣ ከደንገጡሯ ከፔኩአና ከሊቁ ከኢምላክ ጋር ወጥቶ እስከ ካይሮ ይሄዳል። ባለጠጋውንም፣ መናኙንም፣ ፈላስፋውንም ይጠይቃል፤ የተጣራ ደስታ ያለው አንድም ሰው አያገኝም። ስለ ትዕግሥት ባማረ ቋንቋ የሚያስተምር አንድ ፈላስፋ እንኳ ልጁ ስትሞትበት ትምህርቱ አንዳች አልጠቀመውም። የመጽሐፉም መጨረሻ መፍትሔ አይሰጥም። እንዲያውም ከወጡ በኋላ ያዩትን መከራ ስንመለከት ሸለቆው ሳይሻላቸው አይቀርም ነበር ያሰኛል። ነገር ግን ከመጽሐፉ ገጾች ሁሉ ሕይወት የሌለባቸው የትኞቹ ናቸው ቢባል፣ እነዚያ ሃያ ወራትና የጸጸቱ አራት ወራት ናቸው።

የዘመናችን ተመራማሪዎች

ይህ የድሮ ልብ ወለድ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በቅርቡ የተደረገውንም ምርምር ልጥቀስለት። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ጋብሪኤለ ኧቲንገን ትምህርታቸውን እየጨረሱ ሥራ ስለሚፈልጉ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያደረገችውን ጥናት በ2002 ከባልደረባዋ ጋር አሳትማለች። ተማሪዎቹን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጠየቀቻቸው። አንደኛ፣ ሥራ ለማግኘት ያላችሁ ግምት ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ ሥራ አግኝታችሁ በደስታ ስትኖሩ ራሳችሁን በሐሳባችሁ ምን ያህል ታዩታላችሁ? ከሁለት ዓመት በኋላ ስትጠይቃቸው ውጤቱ እርስ በርሱ የሚቃረን ሆነ። «አገኛለሁ» ብለው በጥሩ ግምት የጠበቁት የተሻለ ተሳክቶላቸው ነበር። አብዝተው ያለሙት ግን ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ የቀረበላቸው ሥራ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ጣፋጭ ሕልም ሰውነትን ያዝናናል፤ የተመኘነውን ያገኘን ያህል ጉልበታችንን ያላላዋል። ሳይበስል የበላ ሰው አይራብምና ድስት አይጥድም።

ይህ ማለት ተስፋ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከ1985 ጀምሮ በመጠይቅ ሲለካ እንደ ቈየው፣ መልካም የሚጠብቁ ሰዎች በጠቅላላው ሲታይ በኑሯቸው የበለጠ የሚደሰቱ ናቸው። የሚጠቀሰውም ምክንያት ተራ ነው፤ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ችግር ሲገጥመው ቶሎ አይተውም፣ እንደገና ይሞክራል።

ጨለምተኛነትስ? በዚህም ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታይቷል። ጁሊ ኖረምና ናንሲ ካንተር የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1986 ባሳተሙት ጥናት አንድ ልዩ ዓይነት ሰጊ ሰው እንዳለ አሳዩ። ይህ ሰው ከፈተና በፊት «እወድቃለሁ» ይላል፤ ሊያጋጥመው የሚችለውን መሰናክል ሁሉ ይቈጥራል፤ ቈጥሮ ግን አይተኛም፣ ለእያንዳንዱ ይዘጋጃል። ውጤቱም ከተስፈኛው አያንስም። እንዲያውም «አይዞህ፣ አንተ ጐበዝ ነህ፣ አትስጋ» ተብሎ ስጋቱ የተወሰደበት እንደ ሆነ ሥራው ይበላሽበታል። ስለዚህ ለሚሰጋ ጓደኛ ሁሉ «አይዞህ» ማለት ብቻውን መድኃኒት አይደለም።

የሚያስፈራው ጨለምተኛነት እጅን የሚያስር ነው። ሰሊግማንና ማየር የተባሉ ሊቃውንት በ1967 ባወጡት ጥናት፣ ሊያመልጡት የማይችሉት ሕመም የደረሰባቸው ውሾች በኋላ መንገድ ሲከፈትላቸው እንኳ ሳይነሡ ተኝተው ይቀሩ ነበር። ተስፋ መቁረጥን ተምረውታል ተባለ። እነዚሁ ሰዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የራሳቸውን ትርጓሜ ራሳቸው አረሙት። መከራ ሲረዝም መተኛት የፍጥረት ጠባይ ነው፤ የሚማሩት ነገር ቢኖር ማድረግ መቻልን ነው አሉ። ይህ እርማት ለእኔ ትልቅ መጽናኛ ነው። ምክንያቱም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ሰነፍ ወይም ክፉ አይደለም፤ የጐደለው አንዲት ትንሽ ነገር በእጁ ሠርቶ ውጤቷን ማየት ነው።

የገበሬው ልብ

የእኛም አባቶች ይህን ጉዳይ ሳይመረምሩት አልቀሩም። ከንቱ ተስፈኛውን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ይዘልፉታል። አለመጠንቀቅን ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ያስፈራሩታል። ሁለቱን አስማምቶ የያዘውን ሰው ለማየት የፈለገ ግን በሰኔ ወደ ገጠር ወጣ ይበል። ገበሬው ልጆቹ ሊበሉት የሚችሉትን እህል ወስዶ አፈር ላይ ይበትናል። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የት ይገኛል? ነገር ግን ያለውን ሁሉ አይበትንም፤ ዝናቡ ቢከዳ ብሎ ከጐተራው ያስቀራል። ከዚህ የበለጠ ስጋትስ የት ይገኛል? ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ፤ የማይጣሉትም ሁለቱም ሥራ ስለ ተሰጣቸው ነው። ተስፋ እንዲዘራ ያደርገዋል፤ ስጋት እንዲቈጥብ ያደርገዋል።

እንግዲህ «ደስታ ከተስፈኛው ጋር ናት ወይስ ከጨለምተኛው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ የሚገባን ተስፋችን ምን አሠራን፣ ስጋታችንስ ምን አሠራን ብለን ነው። አንድ ማመልከቻ ያላስጻፈ ተስፋና አንድ ጥንቃቄ ያላስደረገ ስጋት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም አልጋ ላይ ያስቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ሥራ ያጣ ሁሉ ስላልሞከረ ነው ማለት ሐሰት ነው። ሠላሳ ማመልከቻ አስገብቶ አንድም መልስ ያላገኘ ሰው አውቃለሁ። የሊዝበን ሙታንም የሞቱት ጨለምተኞች ስለ ነበሩ አይደለም። በሰው ላይ ከእጁ በላይ የሆነ ነገር ይደርሳል፤ እንዲህ ያለውን ሰው «ተስፋህ አንሶ ነው» ብሎ መውቀስ እንደ ፓንግሎስ መሆን ነው። ሥራ የያዝን ሰዎች ለዚህ ሰው ያለብን ዕዳ ምክር ብቻ አይደለም፤ ማመልከቻው ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ አንብበን መልስ መስጠት ነው፤ መልሱ «አልሆነም» የሚል እንኳ ቢሆን።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። ተስፈኛው ከዚያች እሑድ በኋላ በየሳምንቱ ሁለት ማመልከቻ ለመጻፍ ተስማማ፤ ሕልሙን ማውራት የሚፈቀድለት ከጻፈ በኋላ ብቻ እንዲሆን ወሰንን። ከጥቂት ወራት በኋላ ተቀጠረ። የተቀጠረበት ቦታ ያለመው አይደለም፤ ለእናቱም ገና ቤት አላሠራላቸውም። የሁለተኛው ነገር ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። ከአልጋው መነሣት እየተሳነው፣ ምግቡንም እየተወ ሄደ። ለካስ ጨለምተኛነቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሕመምም ነበር፤ እኛ ግን ስምንት ወር ሙሉ ስንቀልድበት ከርመናል። ሐኪም ዘንድ ይዘነው ለመሄድ መዘግየታችን እስከ ዛሬ ይቈጨኛል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው አንባቢ ምክርና ተረት ሳያበዛ ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰደው።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቀው ብሄድ ከባለቤቲቱ ጓሮ ጐመን ሲኰተኵት አገኘሁት። «ይበቅላል ብለህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አይመስለኝም» አለና ውሃ አጠጣው።

እኔም ወደ ቤቴ ተመልሼ ያንን ደብተር ከፈትሁና፣ ከአሥራ አንዱ አርእስት አሥሩን ሰርዤ በቀረው ሥር መጻፍ ጀመርሁ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ያነበብኸው እሱ ነው።